ዕድሜያቸውን ሳይሆን አነዳዳቸውን መርምሩ

የአውሮፓ ፓርላማ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2025 አዲስ የመንጃ ፈቃድ ሕግ አጽድቋል። በሕጉ መሠረት የመኪናና የሞተር ብስክሌት ፈቃድ በመርህ ደረጃ ለ15 ዓመት ያገለግላል። 65 ዓመት የሞላቸውን በተመለከተ ግን እያንዳንዱ አባል ሀገር ጊዜውን አሳጥሮ ቶሎ ቶሎ ሊያስመረምር ይችላል፤ ካልፈለገም ይተወዋል። መንግሥታቱ ሕጉን ወደየሀገራቸው ሕግ እንዲያስገቡ የሦስት ዓመት ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። አዛውንት አሽከርካሪ በየጊዜው ይፈተን ወይስ አይፈተን የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የጣሊያንም ጥያቄ ነው። እኔ የምኖረው ሮም ነው፤ የኖርኩትም ከመኪናና ከአዛውንቶች ጋር ነው። አቋሜን ከመነሻው ልናገር፦ ይፈተኑ። ፈተናው ግን ቢሮ ውስጥ ፊደል በማንበብ የሚያልቅ መሆን የለበትም። መንገድ ላይ፣ በለመዱት መኪና፣ መርማሪው ከጎናቸው ተቀምጦ ይሁን።

በመጀመሪያ ዛሬ ያለውን አሠራር እንይ። ጣሊያን ውስጥ ተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ ባለቤቱ 50 ዓመት እስኪሞላው በየ10 ዓመቱ ይታደሳል። ከ50 እስከ 70 በየ5 ዓመቱ፣ ከ70 እስከ 80 በየ3 ዓመቱ፣ ከ80 በኋላ ደግሞ በየ2 ዓመቱ ነው። ይህ ከጎረቤቶቿ ጋር ሲነጻጸር ጥብቅ የሚባል ነው። ጀርመንና ፈረንሳይ የተራ መኪና አሽከርካሪን ዕድሜው ስለገፋ ብቻ ሐኪም ዘንድ አይልኩትም። እንግሊዝ 70 ለሞላው በየ3 ዓመቱ አሳድስ ትላለች፤ ጤነኛ ነኝ ብሎ የሚፈርመው ግን ራሱ ባለፈቃዱ ነው።

የጣሊያኑ እድሳት እንዲህ ነው። ለመንግሥት 10.20 ዩሮ ክፍያና 16 ዩሮ የቴምብር ዋጋ ይከፈላል። ሐኪሙ በሚመጣበት ቀን ወደ አንድ የአሽከርካሪ ማሠልጠኛ ወይም የመኪና ጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ ይኬዳል፤ የሐኪሙ ዋጋ ለብቻው ነው። ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት ያስነብባል። በሁለቱም ዓይን በድምሩ ቢያንስ 7/10 ማየት ያስፈልጋል፤ የደከመው ዓይን ከ2/10 ማነስ የለበትም፤ መነጽር ይፈቀዳል። ጆሮ የሰውን ተራ ንግግር ከ2 ሜትር ርቀት መስማት አለበት። ከዚያ ስለ ስኳር፣ ስለ ልብ፣ ስለሚጥል በሽታ ይጠየቃል፤ መልሱን የሚሰጠው ራሱ ተመርማሪው ነው። ሐኪሙ የሚያሠጋ ነገር ካየ ወደ ሐኪሞች ኮሚሽን ይልከዋል፤ ካላየ ይፈርማል፤ አዲሱ ካርድ በፖስታ ቤት ድረስ ይመጣል። በ2010 የወጣ ሕግ ከ80 ዓመት በላይ የሆኑትን ሁሉ ወደ ኮሚሽኑ ይልካቸው ነበር። በ2012 መንግሥት የቢሮ ውጣ ውረድ ልቀንስ ብሎ ያንን አነሳውና ጉዳዩ እንደገና የአንድ ሐኪም ፊርማ ሆነ። በዚህ ሁሉ መሐል አንድም ሰው ሽማግሌው መኪና ሲነዱ አያያቸውም።

ይህ ለምን እንደሚከነክነኝ ለመረዳት ከየት እንደመጣሁ ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ በወጣትነቴ በአሰብ መስመር በፊያት ኤንትሬ፣ ተሳቢ ጎትቼ የሠራሁ ሹፌር ነኝ። በዚያ ሙያ ረዳት ሆኖ የጀመረ ልጅ ወረቀት ቢይዝም መሪ የሚሰጠው አንጋፋው ሹፌር ጋቢና ተቀምጦ ጣርማ በርን ሲወርድ ካየው በኋላ ነበር። ጉም ሲወርድ ማርሹን መቼ ይቀንሳል? ፍሬኑ እንዳይግል ዳገቱንና ቁልቁለቱን እንዴት ይይዘዋል? ደብረ ሲና መግቢያ ላይ አህያ ድንገት ሲገባበት እግሩ ወዴት ይሄዳል? አንጋፋው ይህን ሁሉ ምንም ሳይናገር ያያል። ሲጨርስ ወይ «በል ያዝ» ይላል፣ ወይ «ትንሽ ቆይ» ይላል። ያ ፍርድ ከየትኛውም ማኅተም ይበልጥ ይታመን ነበር፤ ብዙ ነፍስም አትርፏል።

ሮም ስገባ ያ ሁሉ ልምድ አልተቆጠረልኝም። ኢትዮጵያና ጣሊያን አንዱ የሌላውን መንጃ ፈቃድ የሚለውጥበት ስምምነት የላቸውም። አንድ ኢትዮጵያዊ እዚህ ነዋሪ ሆኖ ከተመዘገበ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ የሀገሩ ፈቃድ ዋጋ የለውም፤ ሃያ ዓመት የነዳ ቢሆን እንኳ ከ18 ዓመት ጎረምሳ ጋር ተሰልፎ ከዜሮ ይጀምራል። የጽሑፍ ፈተናው በጣሊያንኛ ነው። ዛሬ 30 የእውነት–ሐሰት ጥያቄ በ20 ደቂቃ ይሠራል፤ ከ3 በላይ የተሳሳተ ይወድቃል። ያንን ያለፈ ደግሞ መርማሪውን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ በከተማው ውስጥ ይነዳል። ብዙ የሀገሬ ልጆች በዚህ ይማረራሉ። እኔ ግን ተገቢ ነው እላለሁ። የሮምን አደባባይ፣ ሞቶሪኖ የሚባለውን የሮምን ትንሽ ሞተር ብስክሌት፣ የትራም ሐዲዱን አላውቀውም ነበር። የማላውቀው መንገድ ላይ ልፈተን ይገባኝ ነበር።

ጥያቄዬ ታዲያ ይህ ነው፦ መንገዱ አዲስ ስለሆነብኝ እኔ ከተፈተንኩ፣ መንገዱ በሕይወት ዘመናቸው የተለወጠባቸውስ? በ1960 መንጃ ፈቃድ ያወጣ የሮም ሰው የተፈተነው ከተማዋን የሚዞረው 68 ኪሎ ሜትር ቀለበት መንገድ፣ ራኮርዶው፣ ገና ዙሪያውን ሳይገጥም ነው። ዛሬ የሚሠራበት የመንገድ ሕግ የወጣው በ1992 ነው። የብስክሌት መስመሩ፣ ቆመው የሚነዱት የኤሌክትሪክ ሞኖፓቲኖ፣ በካሜራ የሚጠበቀው የመሐል ከተማ ክልል፣ ስልኩን እያየ ዜብራ የሚያቋርጠው እግረኛ፣ ይህ ሁሉ ከፈተናው በኋላ የመጣ ነው። ይህ ሰው ያኔ መርማሪ ፊት ነዳ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከስድሳ ዓመት በላይ ማንም ባለሙያ ከጎኑ ተቀምጦ አላየውም።

አሁን ያለሁበት ሥራ አዛውንቶችን መንከባከብ ነው፤ እዚህ ባዳንቴ ይሉናል። ከሠራሁባቸው ቤቶች በአንዱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ቤታቸው ሞንቴቬርዴ በሚባለው የሮም ሰፈር ነው። ሰማንያውን ካጋመሱ በኋላም ፓንዳ መኪናቸውን ራሳቸው ይነዱ ነበር፤ እኔ ጋቢና እቀመጣለሁ። በሰፈራቸው ጠባብ ጎዳናዎች ላይ ስመለከታቸው የተዋጣላቸው ሹፌር ነበሩ። ፍሪሲዮን ያለ ቦታው አይረግጡም፤ ቅድሚያ ይሰጣሉ፤ ማንም ጥሩምባ ቢነፋባቸው አይናደዱም። ፍጥነት የሚባል ነገር አያውቁም። ችግሩ ቺርኮንቫላሲዮኔ ጃኒኮሌንሴ ላይ ሲደርሱ ነው። ሰፊ መንገድ ነው፤ መሐሉን 8 ቁጥር ትራም ይሄድበታል። እዚያ ወደ ግራ ለመታጠፍ ትራሙን፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና፣ በስፖኪዮ በኩል ሾልኮ የሚወጣውን ሞቶሪኖ፣ ከታጠፉ በኋላ ዜብራው ላይ ያለውን እግረኛ፣ አራቱንም ባንድ ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። እሳቸው ትራሙን ያያሉ። ትራሙ ካለፈ ይታጠፋሉ። ሌሎቹ ሦስቱ ለእሳቸው አልነበሩም።

አንድ ጠዋት የገበያ ጋሪ የምትጎትት ሴት ዜብራው ላይ ነበረች። ጮኽኩ። ፍሬን ያዙ። መኪናው ከጋሪው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሴትዮዋ እጇን ኮፈኑ ላይ አሳርፋ ቆማ ታያቸው ነበር። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው «ከየት መጣች?» አሉኝ። የትም አልመጣችም፤ መብራቱ ከተለወጠ ጀምሮ እዚያው ፊታቸው ነበረች። ፈቃዳቸው ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት ለ2 ዓመት ታድሷል። ሐኪሙ አላጭበረበረም፤ በመነጽራቸው ፊደላቱን በትክክል አንብበዋል። ነገር ግን ግድግዳ ላይ ያለ ፊደል ቆሞ ይጠብቃል፤ ሞቶሪኖ አይጠብቅም።

የዕድሜን ነገር የሚያጠኑ ሰዎች የሚሉትም በጋቢና ካየሁት ጋር ይገጥማል። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚደክመው ፊደል የሚለየው የዓይን መሐል ላይሆን ይችላል። አንገት እንደ ልብ አይዞርም፤ ስለዚህ ጎን አይታይም። ሌሊት የፊት መብራት ሲመታ ዓይን ለመመለስ ይዘገያል። ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ የመከታተል ችሎታ ይቀንሳል። ውሳኔ ወደ እግር ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ ላይ የእንቅልፍ ኪኒኑ፣ የደም ግፊቱ መድኃኒት አለ። አባቶቻችን «እርጅና ብቻህን ና» ያሉት ወደው አይደለም። እነዚህ ነገሮች ጎልተው የሚታዩት መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው፤ መታጠፊያና ቅድሚያ መስጫ ላይ። ቢሮ ውስጥ መስቀለኛ መንገድ የለም።

እዚህ ላይ ግን ፍትሐዊ መሆን አለብን። አዛውንቶች የመንገድ ጠላት አይደሉም። በየሀገሩ ብዙ አደጋ የሚያደርሱት ወጣቶች፣ በተለይ ወጣት ወንዶች ናቸው። ሽማግሌ አብዛኛውን ጊዜ ጠጥቶ አይነዳም፤ አይሽቀዳደምም፤ ሌሊትና ዝናብ ሲሆን እቤቱ ይቀመጣል። በተነዳው ኪሎ ሜትር ልክ ሲሰላ ግን ለሞት የሚያበቃ አደጋ ከ70 ዓመት በኋላ መጨመር ይጀምራል፤ ከ80 በኋላ ደግሞ ከፍ ይላል። ከዚህ ከፊሉ የሚመጣው ሰውነታቸው ስለደከመ ነው፤ ወጣት በእግሩ የሚወጣበት ግጭት እነሱን ይገድላል። ስለዚህ «ካረጁ አይበጁ» የሚለውን ተረት ይዞ ከዚህ ዕድሜ በላይ መንዳት ክልክል ነው ማለት በደል ነው። እንደ ሒሳብ መምህሩ ያሉ አሉ፤ ከእኔ የተሻለ የሚነዱ የ84 ዓመት እናቶችም አሉ። ሁለቱን የሚለያቸው የልደት ቀን አይደለም። የሚለያቸው አነዳዳቸው ነው፤ ያንን ለማወቅ ደግሞ ከጎናቸው ከመቀመጥ ሌላ መንገድ አላውቅም።

መንግሥት ይህን ሥራ ስላልሠራ ሥራው አልቀረም፤ ወደ ቤተሰብ ዞረ። ከቤተሰብም ወደ እኛ ወደ ባዳንቴዎች። ልጆቹ ሚላኖ ወይም ቶሪኖ ይኖራሉ። ስልክ ይደውሉና «ቁልፉን ደብቅልን»፣ «ባትሪው ሞቷል በላቸው» ይሉናል። እስቲ ይታያችሁ። በጣሊያን በማኅበራዊ ዋስትና የተመዘገቡ የቤት ሠራተኞች ከ800 ሺህ በላይ ናቸው፤ ግማሽ ያህሉ አዛውንትና ሕሙማን ተንከባካቢዎች ናቸው፤ ከአሥሩ ሰባት የሚሆኑት ደግሞ የውጭ ሀገር ሰዎች ነን። የምንበላው እንጀራ በእኚያ ሽማግሌ በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። ብዙዎቻችን የምናድረውም እዚያው ቤት ነው። የሰው አባት ቁልፍ የመደበቅ ሥልጣን ከየት እናመጣለን? የደበቀ ሥራውን ያጣል፤ ያልደበቀ ደግሞ አደጋ ሲደርስ «አብረህ አልነበርክም ወይ?» ይባላል። ሽማግሌውን በገዛ ቤታቸው እንደ ሕፃን በሐሰት መሸንገልስ ምን ዓይነት አክብሮት ነው? አንድ የመንግሥት ባለሙያ ፊት ለፊት ቀርቦ፣ አይቶ፣ በጽሑፍ እውነቱን ቢነግራቸው እጅግ ይበልጥ ያከብራቸዋል።

ሕጉ ለዚህ መሣሪያ አልጠፋበትም። የጣሊያን የመንገድ ሕግ አንቀጽ 128 ሞቶሪዛሲዮኔ የሚባለው የተሽከርካሪ ባለሥልጣን ወይም ፕሬፌቱ (የመንግሥት የአካባቢ ተወካይ) ሰውየው ብቁ ስለመሆኑ ጥርጣሬ ሲያድርባቸው ፈቃዱ እንደገና እንዲመረመር፣ ካስፈለገም የጽሑፍና የመንዳት ፈተና እንዲወስድ ማዘዝ እንደሚችሉ ይናገራል። ጥርጣሬው የሚመጣው ግን በአብዛኛው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። በ2016 የወጣው ሕግ ደግሞ በመንገድ ላይ ሰው መግደልን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ የእስር ቅጣት ደንግጎለታል። አንድ የ85 ዓመት አዛውንት በሕይወታቸው መጨረሻ ሰው ገድለው ፍርድ ቤት እንዲቆሙ ከማድረግ፣ ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት መንዳታቸውን ማየት አይሻልም? «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለህ መከራ ይምከረው» እንላለን። የመኪና መከራ ግን ሹፌሩን ብቻ መክሮ አይመለስም፤ ዜብራ ላይ ያለችውን ሴትም ይዞ ይሄዳል። በጣሊያን መንገድ ላይ ተገጭተው ከሚሞቱ እግረኞች ብዙዎቹ ደግሞ ራሳቸው አዛውንቶች ናቸው። ስለዚህ ፈተናው የሚጠብቀው ከሁሉ በፊት እነሱኑ ነው።

ጃፓን ይህን በከባድ ዋጋ ተምራለች። በኤፕሪል 2019 ቶኪዮ ውስጥ ኢኬቡኩሮ በሚባል ሰፈር የ87 ዓመት አዛውንት ፍሬን የረገጡ መስሏቸው ነዳጅ መስጫውን ረገጡ። በብስክሌት ይሄዱ የነበሩ እናትና የ3 ዓመት ሴት ልጃቸው ሞቱ። ፍርድ ቤቱ በ2021 አዛውንቱን በ5 ዓመት እስራት ቀጣ፤ እስር ቤት ሳሉም ሞቱ። ጃፓን ከ75 ዓመት በላይ ለሆኑ አሽከርካሪዎች የማስታወስና የማመዛዘን ፈተና ነበራት፤ እሱ ብቻ እንደማይበቃ ታየ። ከሜይ 2022 ጀምሮ 75 ዓመት የሞላቸውና የተወሰኑ የትራፊክ ጥፋቶች የተመዘገቡባቸው ፈቃዳቸውን ከማሳደሳቸው በፊት መኪና እየነዱ እንዲፈተኑ ተደረገ። ከዚህ ሁሉ የሚያስመሰግነው ሌላው ነገር ነው፦ ፈቃዱን በፈቃዱ የሚመልስ ሰው የአሽከርካሪነት ዘመኑን የሚመሰክር የክብር ወረቀት ይሰጠዋል፤ በብዙ ቦታ በዚያ ወረቀት የአውቶቡስና የታክሲ ዋጋ ይቀንስለታል። በ2019 ብቻ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ፈቃዳቸውን መልሰዋል።

ተቃራኒውን ምሳሌም መደበቅ አይገባም። ዴንማርክ በ2006 ለአዛውንት አሽከርካሪዎች የአእምሮ ችሎታ ምርመራ አስገባች። በ2012 የታተመ ጥናት ከምርመራው በፊትና በኋላ ያለውን ሲያነጻጽር አዛውንት አሽከርካሪዎች የሚሞቱበት አደጋ እንዳልቀነሰ፣ በአንጻሩ በእግርና በብስክሌት የሚሄዱ አዛውንቶች ሞት እንደጨመረ አገኘ። መኪናቸውን የተዉት ሰዎች ከብረት ውስጥ ወጥተው ያለ መከለያ መንገድ ላይ ወጡ ማለት ነው። ሀገሪቱም በ2017 በዕድሜ ብቻ የሚደረገውን የግዴታ ምርመራ አስቀረች። በአሜሪካ ደግሞ ኢሊኖይ ግዛት 79 ዓመት የሞላውን መኪና እያስነዳች ስትፈትን ቆይታ፣ በ2025 ባወጣችው ሕግ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ዕድሜውን ወደ 87 ከፍ አድርጋዋለች።

ከዴንማርክ የምማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ወረቀት ላይ ሰዓት አስሎ፣ ቃላት አስታውስ ብሎ የሰውን አነዳድ መፍረድ አይቻልም፤ ይህ የሮሙ ፊደል ሌላ መልክ ነው። ሁለተኛው፣ ፈቃድ የነጠቀ መንግሥት በምትኩ የሚሄዱበት ነገር ካልሰጠ ሰውን ከአንድ አደጋ አውጥቶ ወደ ሌላ ይጥላል። ሮም ውስጥ ይህን በየቀኑ አየዋለሁ። ሞንቴቬርዴ ዳገት ነው። የእግረኛ መንገዱን የዛፍ ሥር ገልብጦታል። አውቶቡሱ ማሳያው ላይ «6 ደቂቃ» ብሎ ከዚያ ይጠፋል። የሜትሮ ጣቢያ ሊፍት ሲበላሽ ጉልበቱ የሚያመው ሰው የሚወርድበት የለም። ለአንድ የ82 ዓመት ሰው ፓንዳው ማለት ገበያው፣ ሐኪሙ፣ የሚስቱ መቃብር፣ እሑድ ከልጅ ልጁ ጋር የሚበላው ምሳ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ስለ ፈተና ባይናገር ይሻላል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። ከ75 ዓመት ጀምሮ በየእድሳቱ፣ ከዓይንና ከጆሮ ምርመራው ጋር፣ ግማሽ ሰዓት ያህል የመንገድ ላይ ፈተና ይጨመር። አዛውንቱ በራሳቸው መኪና፣ በሚያውቁት ሰፈር ይነዱ፤ አንድ አስቸጋሪ መታጠፊያና አንድ አደባባይ ግን ይኑርበት። የሠለጠነ መርማሪ ጋቢና ይቀመጥ። የጽሑፍ ጥያቄ አያስፈልግም፤ የአቀማመጥ ወይም የመሪ አያያዝ ስህተት እየተለቀመ ነጥብ አይቀነስ። የሚታየው አንድ ነገር ይሁን፦ አካባቢውን ያያሉ? ላዩት ነገር በጊዜው ምላሽ ይሰጣሉ? ዋጋው ከጡረታ ላይ የሚወጣ መሆን የለበትም፤ የሕዝብ ደኅንነት ስለሆነ የሕዝብ ገንዘብ ይክፈለው።

ውጤቱም ማለፍና መውደቅ ብቻ አይሁን። በአውሮፓ መንጃ ፈቃድ ጀርባ ላይ የሚጻፉ ኮዶች አሉ። 61 ማለት በቀን ብርሃን ብቻ፤ 62 ማለት ከቤት በተወሰነ ርቀት ውስጥ ብቻ፤ 64 ማለት ከተወሰነ ፍጥነት ሳያልፉ፤ 67 ማለት አውቶስትራዳ (ፈጣን መንገድ) ሳይገቡ መንዳት ነው። መንገዱ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው። የሒሳብ መምህሩ በ61 እና በ62 ሰፈራቸው ገበያ ድረስ ለዓመታት ሊነዱ ይችሉ ነበር። ያልተሳካለት ሰው የሥልጠና ሰዓት ተሰጥቶት እንደገና ይሞክር። በመጨረሻም አይሆንም የተባለ ሰው ያን ዕለት በእጁ ሁለት ነገር ይዞ ይውጣ፦ ዘመኑን የሚያከብር ወረቀትና በስልክ ሲጠሩት ቤት ድረስ የሚመጣ የሰፈር ሚኒባስ መብት።

ይህ በዕድሜ ማግለል ነው የሚሉ አሉ። ሕጉ ዛሬም በዕድሜና በልምድ ይለያል፤ ማንም ክብሬ ተነካ አይልም። ጣሊያን ውስጥ አዲስ ፈቃድ ያወጣ ሰው ለመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት አውቶስትራዳ ላይ ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም። ልምድ እስኪገባ የምንጠነቀቅ ከሆነ፣ ጉልበት ሲወጣም መጠንቀቅ ያው ፍትሕ ነው። ይልቅስ የሚያገልለው ዛሬ ያለው አሠራር ነው፤ ጥሩ የሚነዱትንም መጥፎ የሚነዱትንም ባንድ ዓይን በጥርጣሬ እንድናይ ያደርገናልና። ፈተናውን ያለፈ የ83 ዓመት ሰው ልጁ «አባባ አይንዱ» ሲለው የሚያሳየው ማስረጃ ይኖረዋል።

ሕጉ ለእኔም ተራው እየደረሰ ነው። 70 ሲሞላኝ እድሳቴ በየ3 ዓመቱ ይሆናል። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ሮም ከገባነው ሐበሾች ብዙዎቹ አሁን ጡረተኞች ሆነዋል፤ ልጆቻችን በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ በኩል ሻንጣ ይዘን እንደገባን ሳይሆን መኪና ይዘን እንዳረጀን ነው የሚያውቁን። በእኛ ባህል ደግሞ ታላቅን «ይበቃዎታል» ማለት ነውር ነው። ያ ነውር ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሰው ይገድላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ የአዛውንት አሽከርካሪ ጉዳይ እዚያ ገና አልተነሳም። የሚነሳበት ቀን ሲመጣ ግን መንጃ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚያድሰው ቢሮ የሰውን አነዳድ የማየት ልማድ ካልነበረው፣ የሚቀረው የልደት ቀን ቆጥሮ መከልከል ብቻ ይሆናል።

የጣሊያን መንግሥት አዲሱን የአውሮፓ ሕግ ወደ ሀገሩ ሕግ ሲያስገባ ሐኪሙ ጎን አንድ ወንበር ይጨምር፤ ያ ወንበር የመኪናው ጋቢና ይሁን። ልጆች ሆይ፣ የአባታችሁን ቁልፍ እንዲደብቅ ተቀጣሪ አትላኩ፤ እናንተ ራሳችሁ መጥታችሁ ከጎናቸው ተቀምጣችሁ አንድ ጠዋት አብራችሁ ንዱ። አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ሕጉ እስኪወጣ አትጠብቁ። በየሰፈራችሁ የአሽከርካሪ ማሠልጠኛ አለ። ሂዱና የአንድ ሰዓት ትምህርት ክፈሉ፤ አሠልጣኙን «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ» በሉት። ከዚያም የነገራችሁን ተቀበሉ።